ቤት የሚፈለግለት ቡልዶግ ልትወስዱ ነው? መጀመሪያ ትንፋሹን ስሙ

ሰላም፣ ሰላም! ዛሬ ስለ ቡልዶግ ነው። ስለ ቡችላ አይደለም። ባለቤቱ ስለተወው፣ አዲስ ቤት ስለሚፈለግለት ትልቅ ቡልዶግ ነው የማወራችሁ። ከኋላዬ የሚሰማችሁ ድምፅ ሞተር አይደለም። ዱባ ነው፤ ውሻዬ። ተኝቶ ነው።

እስቲ ከትልቅ ቤት ወደ አንድ ክፍል ስትገቡ አስቡት። ሶፋው ያው ሶፋ ነው። ቁም ሣጥኑም ያው። አልጋውም ያው። የጠበበው ቤቱ ብቻ ነው። ሶፋው በሩን ይዘጋል፣ ቁም ሣጥኑ መስኮቱን ይጋርዳል። ሽንት ቤት መሄድ በጎን ነው፣ ሆድ ሰብስቦ። እንግዳ ከመጣማ አንዱ አልጋ ላይ ወጥቶ ማሳለፍ አለበት!

የቡልዶግ ፊት ይሄ ክፍል ነው። ሰው እየመረጠ ሲያዳቅለው አጥንቱ አጠረ። ውስጡ ያለው ሥጋ ግን የዚያኑ ያህል አልቀነሰም። ላንቃው ለአፉ ረዘመበት፣ የአፍንጫው ቀዳዳም ጠበበ። አየሩም በጎን ነው የሚያልፈው፣ ሆድ ሰብስቦ። የምንስቅበት ማንኮራፋት እንግዲህ የሶፋው ድምፅ ነው።

ወደ ሕክምናው ልገባ ነበር፤ ኮሜንት ላይ ያላችሁት ግን አላስቀምጥ አለኝ። «ባይናከስ ኖሮ ማን ይጥለዋል?» ስንቱ ጻፈው መሰላችሁ! ስሙ ይመስለኛል የሚያስፈራችሁ፤ «ቡል» በእንግሊዝኛ በሬ ነው። እውነት ነው፣ የጥንቶቹን እንግሊዝ ውስጥ ከታሰረ በሬ ጋር ያታግሏቸው ነበር። ያ ግን እ.ኤ.አ. በ1835 በሕግ ተከልክሏል። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያራባ የመረጠው ረጋ ያለውን ነው። የኔው ጀግና ደረጃ ሲወጣ እንኳ መሃል ላይ ያርፋል። ከበሬ ጋር? ተዉት ባካችሁ።

ብዙውን ጊዜ የሚተወው የሕክምናው ወጪ ሲከብድ፣ ቤት ሲቀየር፣ ትዳር ሲፈርስ ነው። የሚናከስ የለም አላልኩም። ጆሮው ወይም ቆዳው የሚያመው ውሻ ሲነኩት ሊናከስ ይችላል። ስለዚህ ያቆየውን ሰው ጠይቁት፦ ሳህኑ ሲነካበት ምን ያደርጋል? ልጅ ሲጠጋውስ?

ዋናውን ቶሎ ቶሎ ልበለው፤ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። ሐኪም አፍንጫውንና ጉሮሮውን ይይለት። ካስፈለገ በቀዶ ጥገና ቀዳዳው ይሰፋል፣ የረዘመው ላንቃ ያጥራል። በአንገት ማሰሪያ ሳይሆን በደረት ማሰሪያ ያዙት። ከወፈረ ይቅነስ። የፊቱን እጥፋት ጥረጉ፣ ከዚያ አድርቁ፤ ማድረቁን ነው ሰው የሚረሳው። ውሻ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው፣ እሱ ደግሞ አየሩ ያጥረዋል፤ ስለዚህ በሙቀት አታስሩጡት። ገንዳ አጠገብም ብቻውን አይሁን፣ ይሰምጣል። ድዱ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ ነገ አትበሉ፣ ያኔውኑ ሐኪም ጋ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ የእጥፋት አጠራረጉን ለብቻው እሠራዋለሁ።

ዱባ የመጣ ሌሊት ቁጭ ብሎ ነበር የሚያንቀላፋው። አገጩን ሶፋው ጠርዝ ላይ ሰቅሎ፣ አሻንጉሊት ነክሶ። ራሱ ዘንበል ሲል ብንን ይላል። እኔ ሆዬ እየሳቅኩ ቀረጽኩት። በማግስቱ ሐኪሟ ቪዲዮውን አይታ አልሳቀችም። «ሲተኛ አየር እንዳይዘጋበት አፉን ከፍቶ እየያዘ ነው» አለችኝ።

ቀዶ ጥገናው ከተደረገለት በኋላ አንድ ቀን ስገባ በጎኑ ተዘርግቶ አገኘሁት። አሻንጉሊቱ ወለሉ ላይ ወድቋል። ማንኮራፋቱን እንደሆነ ጨርሶ አልተወም፤ ይኸው እየሰማችሁት ነው።