ለጣርማ በር መንገድ ሕግ ይውጣለት

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ ዕድሜያችሁን በዚህ ዳገት የጨረሳችሁ ሹፌሮችና ረዳቶች፤ ጤና ይስጥልኝ።

አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው አሮጌ መንገድ በሕግ ይጠና፤ ተጠንቶም በሕግ ይጠበቅ።

ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው በዚያ አፋፍ፣ ተራራው 600 ሜትር ለሚጠጋ ርቀት ተፈልፍሏል። በደጋው ጋቢ ተከናንቦ የተሳፈረ መንገደኛ ዋሻውን አልፎ ጥቂት እንደ ወረደ ጋቢውን ይገልጣል፤ ደብረ ሲና ሲገባ በመስኮት ቆሎ ይቀርብለታል። በጉም ውስጥ ኤንትሬ ፊያት እየነዳ ያለፈ ሹፌር ኩርባዎቹን እንደ ልጆቹ ስም ያውቃቸዋል።

"ፋሽስት የሠራውን መንገድ ለምን እንጠብቃለን?" የሚል ሰው አለ። ጥያቄውን አከብራለሁ፤ ቁስሉ የእኛ ነውና። ጣሊያን መንገዱን የሠራው ለእኛ አስቦ አይደለም። ጦሩን ወደ መሐል አገር ለማመላለስ፣ አገሩንም ጠፍሮ ለመያዝ ነው። በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በዘረት ዋሻ የተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው በመርዝ ጋዝና በጥይት አልቀዋል። ይህን የማያነሳ ጥናት ጥናት አይባልም። ነገር ግን ድንጋዩን ከፈለጡት፣ ከተሸከሙት መካከል የአገሬው ሰዎች ነበሩ። በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ደግሞ ጣሊያንን ወደ ደሴ ያሳደደው ጦር የወጣው በዚሁ መንገድ ነው። ወራሪ ለመግቢያ የሠራው መንገድ የማሳደጃው መንገድ ሆነ። ይህን ለልጅ በቃል ከመንገር እዚያው ዋሻው አፍ ላይ አቁሞ ማሳየት ይበልጣል።

ከነጻነት በኋላም ታሪኩ አልቆመም። በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለአፍሪካ የመጀመሪያውን ብድር ሲሰጥ ተበዳሪዋ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ከገንዘቡም 5 ሚሊዮን ዶላሩ ለመንገድ ነበር። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመውም በዚያው ዓመት ነው።

በመንገድ ጥገና ብዙ ዓመት ሠርቻለሁና የሚያስፈራኝን ልንገራችሁ። የድንጋይ ግንብ በአንድ ቀን አይፈርስም። ቦዩ ይደፈናል፣ ውሃው ከግንቡ ጀርባ ይጠራቀማል፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ግንቡን ጥቂት ጥቂት ይገፋዋል። የዚህ አካባቢ መሬት እንደሚንሸራተት ደግሞ እናንተ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። ከዚያ አንድ ቀን ዶዘር ይመጣና የቀረውን ጠርጎ ገደል ይከተዋል። ዶዘሩን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ድንጋዩ ምን እንደሆነ የነገረው ስለሌለ ነው።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 የታሪክ ቅርሶችን የመጠበቅ ኃላፊነት በመንግሥት ላይ ጥሏል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም አለን። ሆኖም ቤተ መንግሥት ወይም ሐውልት አንድ ቦታ ይቆማል፤ መንገድ ግን ወረዳ ከወረዳ፣ ክልል ከክልል ያቋርጣል፤ ጠጋኙ ሌላ፣ ቅርስ ጠባቂው ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል ባለቤት ያጣል።

አሜሪካኖች በ1926 (እ.ኤ.አ.) ለተቋቋመው ለ66ኛው አውራ ጎዳናቸው ያደረጉትን እንይ። ከቺካጎ እስከ ሳንታ ሞኒካ ስምንት ግዛቶችን ያቋርጥ የነበረው ይህ መንገድ በ1985 ከአገሪቱ አውራ ጎዳናዎች ዝርዝር ተሰረዘ። በ1990 ምክር ቤታቸው መንገዱ እንዲጠና የሚያዝ ሕግ አወጣ፤ በ1999 ደግሞ የጥበቃውን ሕግ አጸደቀ። መጀመሪያ ጥናት፣ ቀጥሎ ጥበቃ። ቅደም ተከተሉን እኛም መውሰድ እንችላለን።

መንገዱ ለመኪና ይዘጋ እያልኩ አይደለም። ሕያው መንገድ ነው፤ እህል ይጫንበታል፣ ሕመምተኛ ይመላለስበታል። የምጠይቀው ሕጉ የጥናት ጊዜና በጀት እንዲወስን ነው፤ እያንዳንዱ ግንብ፣ ድልድይና የውሃ መውረጃ እንዲለካና ፎቶ እንዲነሳ ነው፤ ጥናቱ እስኪያልቅም የቅርስ ባለሙያ ሳያየው አሮጌ ግንብ እንዳይፈርስ ነው።

ከሁሉ የሚያስቸኩለው ግን ሰው ነው። ግንብ ቢዘም ይቃናል። አባቱ በዚያ ሥራ ላይ ድንጋይ ሲፈልጥ እንደነበር የሚያስታውስ አዛውንት ካለፈ ግን የሚተካው የለም። ስለዚህ የወረዳው ምክር ቤት ይህን ጥያቄ ዛሬ በቃለ ጉባኤ አስፍሮ ወደ ክልሉ ምክር ቤት እንዲልክልን፣ የአዛውንቶቹን ቃል መመዝገብ ደግሞ ሕጉ እስኪወጣ ሳንጠብቅ በዚህ ሳምንት እንድንጀምር እለምናችኋለሁ።