ካታሊስት፣ ናኖ፣ ማዕድን፦ ሦስቱም ገጽ ላይ ነው ጨዋታው

ሰላም ሰላም! አንድ ኬሚስት በካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ የኬሚካል ለውጥን በሚያፋጥን ነገር) ይጀምራል፣ ወደ ናኖ (በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ወደሚለካ ቅንጣት) ይሻገራል፣ ከዚያ ማዕድን ማጣሪያ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ሰዉ «ሙያ ቀያየረ» ይላል። ምንም አልቀየረም! ሁሌም የሚሠራው ጠጣር ነገር ገጽ ላይ ነው።

እስቲ ግንድ አስቡ። ወፍራም ግንድ ላይ ክብሪት ብትጭሩ አይያያዝም። ፍለጡት፤ ፍልጡም ያንገራግራል። ሰንጥቃችሁ ጭራሮ አድርጉት፤ አሁን ቦግ! ሰጋቱራው ደቅቆ አየር ላይ ተበትኖ እሳት ቢያገኘው ደግሞ ይፈነዳል፤ እንጨት ቤቶች ያውቁታል፣ እናንተ እንዳትሞክሩት! እንጨቱ ያው እንጨት፣ ክብደቱ ያው ክብደት። የጨመረው አየር የሚነካው ገጽ ብቻ ነው። ግንዱ መሀል ያለው እንጨት ተራ አልደረሰውም፤ ደቃቁ ውስጥ ግን የሚደበቅ የለም።

በቁጥር፦ ጎኑ 1 ሴንቲሜትር የሆነ ኩብ 6 ካሬ ሴንቲሜትር ገጽ አለው። በ1 ሚሊሜትር ስትቆራርጡት 60። በ1 ናኖሜትር ስትቆራርጡት 6,000 ካሬ ሜትር። ካሬ ሜትር ነው ያልኩት!

ወደ ወርቅ እንምጣ፤ ከማንም የማይወዳጀው ኩሩ። በ1987 ማሳታኬ ሃሩታና ባልደረቦቹ ጃፓን ውስጥ ወርቅን ጥቂት ናኖሜትር አድርገው እንደ ብረትና ኮባልት ባሉ ኦክሳይዶች (ሜታል ከኦክስጅን ጋር የተዋሃደባቸው ጠጣሮች) ላይ በተኑት። ኩሩው ወርቅ ካታሊስት ሆኖ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከ0 ዲግሪ በታች እንኳ ማቃጠል ቻለ። የግንዱ ምሳሌ እዚህ ጋ ያንሳል፦ ጠርዝና ማዕዘን ላይ ያሉት አቶሞች ጎረቤት ስለጎደላቸው ሌላ ይይዛሉ፣ ተሸካሚው ኦክሳይድም ያግዛል።

የዚህን የወርቅ ካታሊስት አሠራር በፍጥነት፣ መሠረቱን ታውቁታላችሁ ብዬ። የክሎሮኦሪክ አሲድ (ወርቅና ክሎሪን ያለበት አሲድ) ቀጭን ሙሙት፣ 70 ዲግሪ፣ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲድነቱ ይበረታል) 9 አካባቢ፣ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ጨምሮ አንድ ሰዓት ማማሰል፣ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ በ300 ዲግሪ ማሞቅ። የብረት ማንኪያ አትንከሩበት፤ አሲዱ ይበላዋል፣ ወርቁም እዚያው ላይ ይቀራል። ፒኤቹ ከወረደ ክሎራይድ (ከአሲዱ የመጣ ክሎሪን) የያዘ ወርቅ ይለጠፍና የወርቁ እንክብል ይወፍራል። ከመጠን በላይ ከወጣ ደግሞ ወርቁ ውሃው ውስጥ ቀርቶ ከእጣቢው ጋር ይሄዳል። ማጠቡን የምታቆሙት እጣቢው ላይ ሲልቨር ናይትሬት ጠብ አድርጋችሁ ሳይደፈርስ ሲቀር ነው፤ መደፍረስ ክሎራይድ አለ ማለት ነው። ክሎራይድ ከቀረ ሲሞቅ ወርቁን ያሰባስበዋል። ይቺን ደረጃ የሚዘሉ ሰዎች ይገርሙኛል።

አሁን ኮሜንት ላይ በየቪዲዮው የምትጽፉልኝ ነገር፦ «ካታሊስት አያልቅም፣ ስለዚህ ዘላለም ይሠራል»። አያልቅም፣ እውነት። ዘላለም ግን? በፍጹም! አለማለቅና አለመበላሸት ለየቅል ናቸው። አንደኛ፣ ይመረዛል፦ ሰልፈር ገጹን ይይዝና አይለቅም። ሊድ ያለበት ቤንዚን የመኪና ጭስ ማጣሪያን የሚገድለው ገጹን ስለሚሸፍንበት ነው። ሁለተኛ፣ ካርቦን ይጋገርበታል፤ ይሄኛው በአየር ተቃጥሎ ሊጸዳ ይችላል። ሦስተኛ፣ እንክብሎቹ ተጉዘው ይዋሃዳሉ። የአንድ ሜታል አቶሞች የመቅለጫው ሙቀት ግማሽ አካባቢ፣ በኬልቪን (ሴንቲግሬድ ሲደመር 273) ተቆጥሮ፣ በደንብ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። ወርቅ በ1,337 ኬልቪን ይቀልጣል፤ ግማሹ ወደ 395 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ናኖው ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ይንቀሳቀሳል። 300 ላይ የቆምነው ለዚህ ነው፤ 600 ካደረጋችሁት ያቺን ሁሉ ገጽ መልሳችሁ ግንድ አደረጋችኋት። «አያልቅም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይሄን ቪዲዮ ላኩለት፣ ሰብስክራይብም ያድርግ!

የቀረን ማዕድን። መዳብ ያለበት ድንጋይ ተፈጭቶ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ በኖራ ፒኤቹ ወደ 11 ይጠጋል፤ ይህም የማንፈልገው የብረትና የሰልፈር ማዕድን፣ ፓይራይት፣ እንዳይንሳፈፍ ነው። ዛንቴት የሚባል ገጽ ላይ የሚጣበቅ ኬሚካል ይጨመራል፣ የመዳቡ ገጽ ውሃ ይጠላል፣ አረፋ ይዞት ይወጣል። ያው ገጽ ነው! እዚህ ግን ማድቀቅ ወሰን አለው። ከ10 ማይክሮሜትር በታች የሆነ ብናኝ በጣም ቀላል ስለሆነ ከአረፋው ጋር ሳይጋጭ ውሃውን ተከትሎ ያመልጣል፤ ገጹም ሰፊ ስለሆነ ዛንቴቱን ይጨርስባችኋል፤ ሸክላ ከሆነ ጭራሽ የመዳቡን ቅንጣት ይለብጠዋል። አረፋው ከደከመ ዛንቴት ከመጨመራችሁ በፊት ወፍጮውን እዩ።