ቡክቾን፦ በሰው ደጅ የሚያልፍ ጉብኝት

ዮናስ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን! ዛሬ ወሬያችን የደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ ሶል ውስጥ ስላለው ስለ ቡክቾን ሰፈር ነው። ሳራ ሄዳ ስላየችው እኔ ጠያቂ ነኝ። ሳራ፣ የቡክቾንን ፎቶ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ያ ዳገታማ መንገድ፣ ግራና ቀኙ ጥቁር የሸክላ ጣሪያ፣ ከሥር ደግሞ የከተማው ፎቅ ሁሉ ወለል ብሎ...

ሳራ፦ አዎ፣ እሱ ጋሆኤ ዶንግ የሚባለው ክፍል ነው። ሰፈሩ በሁለት ቤተ መንግሥቶች መካከል ነው ያለው፤ በምዕራብ ጊዮንግቦክጉንግ፣ በምሥራቅ ቻንግዶክጉንግ። በጆሰን ነገሥታት ዘመን ትልልቅ ሹማምንት የሚኖሩበት ነበር። ግን አብዛኛው ሰው የማያውቀውን ልንገርህ፤ ፎቶው ላይ የምታየው ተደርድሮ የተሠራው ቤት አብዛኛው የሹማምንቱ አይደለም። በፈረንጆቹ 1920ዎቹና 30ዎቹ የተሠራ ነው፤ ዓመት ስጠራ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

ዮናስ፦ እንዴ! እኔ ብዙ መቶ ዓመት የቆየ ነበር የመሰለኝ።

ሳራ፦ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው። እኔ ግን እውነተኛው ታሪክ ይበልጥ ያስደንቀኛል። ያኔ ኮሪያ በጃፓን እጅ ናት። ጃፓኖቹ መጀመሪያ የሰፈሩት በከተማው ደቡብ ነበር፤ በኋላ በከተማው መሃል የሚያልፈውን የቾንግጌቾንን ጅረት እየተሻገሩ ወደ ሰሜን መግፋት ጀመሩ። ጆንግ ሴ ግዎን የሚባል ኮሪያዊ ቤት ሠሪ የሹማምንቱን ሰፋፊ ግቢዎች እየገዛ፣ መሬቱን እየሸነሸነ፣ ትንንሽ ሃኖክ፣ ማለትም የኮሪያ ባህላዊ ቤት፣ ሠርቶ ለኮሪያውያን ሸጠ። በአንዴ መክፈል ለማይችል ደግሞ በየወሩ እየከፈለ እንዲገዛ አደረገ።

ዮናስ፦ ነጋዴም ነው፣ አገሩንም አስቧል ማለት ነው።

ሳራ፦ ሁለቱንም! የኮሪያን ቋንቋ ለማቆየት ይሠራ ለነበረው ማኅበር ሕንፃ የሰጠው እሱ ነው። በ1942 የማኅበሩ ሰዎች ሲታሰሩ እሱም ተይዞ ተሠቃይቷል፣ መሬቱንም ተነጥቋል። እኔ ይህን ካወቅኩ በኋላ ነው መንገዱ ሌላ ትርጉም የሰጠኝ። በዚያ ዘመን በራስ አገር ቤት ስልት መኖር ቀላል ነገር አልነበረም።

ዮናስ፦ የዚያ ዘመን ሥራ መሆኑን በዓይን ማየት ይቻላል?

ሳራ፦ በደንብ! የክፈፉን ጠርዝ ተመልከት፤ የቆርቆሮ አሸንዳ ታገኛለህ። በሩ ላይ መስታወት አለ፣ የመንገድ ዳር ግድግዳው ላይ ጡብ አለ። ይህ ሁሉ በድሮው ሃኖክ ላይ የተለመደ አልነበረም። ቤቶቹ ደግሞ ክፈፍ ለክፈፍ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም፤ መሬት ጠባብ ነበረ።

ዮናስ፦ ውስጡስ? እዚያ አገር ብርዱ አጥንት ይሰብራል ይባላል።

ሳራ፦ ለዚያ ነው ወለሉን የሚያሞቁት። ኦንዶል ይሉታል። እሳቱ የሚነደው ከክፍሉ ውጭ፣ ከወለሉ ዝቅ ባለ ምድጃ ነው፤ ብዙ ጊዜ ራሱ የወጥ ቤቱ ምድጃ ነው። ሩዙ እየበሰለ ሙቀቱና ጭሱ በወለሉ ሥር ባለ ቦይ ያልፋል። ከቦዩ በላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረደራል፣ ድንጋዩ በጭቃ ይለሰናል፣ ከላይ ዘይት የጠጣ ወረቀት ይለጠፋል። ጭሱ በሌላ በኩል ይወጣል፤ ድንጋዩ ግን ሙቀቱን ይዞ ያድራል። ለምድጃው የቀረበው ቦታ ለሽማግሌና ለእንግዳ ነው የሚለቀቀው።

ዮናስ፦ ይህ ደስ ይላል!

ሳራ፦ አሁን በአብዛኛው ቤት ከወለሉ ሥር የሙቅ ውሃ ቱቦ ነው ያለው። ከእንጨት የተሠራው አዳራሽ ግን አይሞቅም፤ እሱ ለበጋ ነው፣ ነፋስ ከፊት ወደ ኋላ ያሳልፋል። ክፈፉም ረዘም ያለ ስለሆነ የበጋዋን ፀሐይ ይከልላል፣ ዝቅ ብላ የምትሄደውን የክረምት ፀሐይ ደግሞ ያስገባል። የእነሱ ክረምት በረዶ መሆኑን አትርሳ።

ዮናስ፦ እሺ፣ ነዋሪዎቹ ጎብኚ መረራቸው የሚባለውስ?

ሳራ፦ እውነት ነው፣ እኔም አልፈርድባቸውም። ወደ 6 ሺህ ሰው በሚኖርበት ሰፈር በዓመት 6 ሚሊዮን ገደማ ሰው ይመላለሳል። በሩን ከፍተህ ስትወጣ ደጅህ ላይ የማታውቀው ሰው ካሜራ ደግኖ ሲጠብቅህ አስበው! ልጅ የምታስተኛ እናት አለች፣ የታመመ አለ። ስለዚህ የጆንግኖ ወረዳ አስተዳደር ከ2024 ጀምሮ ሰፈሩን በቀይ፣ በብርቱካናማና በቢጫ ቀጠና ከፋፍሎታል። ቀዩ ያ ፎቶ የሚነሳበት መንገድ ነው። ጎብኚ የሚገባው በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ብቻ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ከ10 እስከ 17 ተብሎ ታዩታላችሁ። ከ2025 መጋቢት ወዲህ ከተፈቀደው ሰዓት ውጭ የተገኘ ጎብኚ 100 ሺህ ዎን ይቀጣል።

ዮናስ፦ እዚያው ያደረ እንግዳስ?

ሳራ፦ እሱን አይመለከተውም። ለሌላው ግን እኔ ሕጉን እደግፋለሁ። ሰው ለቆ ከሄደ እኮ የሚቀረው የቡና መሸጫና የልብስ ኪራይ ነው። ምድጃው፣ ወለሉ፣ አዳራሹ የተሠራው ሊኖሩበት ነው።

ዮናስ፦ ታዲያ ውስጡን ማየት የሚፈልግ ሰው የት ይሂድ?

ሳራ፦ ቤክ ኢን ጄ ቤት። በ1913 የተሠራ ትልቅ የባለጸጋ ቤት ነው፤ ከ2015 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ መግቢያ አይከፈልም። የወንዶቹንና የሴቶቹን ቤት የሚያገናኘውን መተላለፊያ እዩ፤ በድሮው ሃኖክ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ግቢ መውጣት ግድ ነበር። በሦስተኛው የባቡር መስመር አንጉክ ጣቢያ ወርዳችሁ በእግር ትደርሳላችሁ። ሰኞ ዝግ ስለሆነ ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ረፋድ ላይ ሂዱ፤ ቅዳሜና እሑድ ግርግሩ አይቻልም።