ደረሰኙን ማን ያነበዋል?

እንደምን ዋላችሁ። ከሁሉ በፊት እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ አደረሳችሁ። ከተማው ገና ከበዓሉ ድካም ሳይወጣ፣ ስለ ደረሰኝና ስለ ክፍያ ለመስማት እዚህ አዳራሽ መጥታችሁ መቀመጣችሁ ቀላል ነገር አይደለም። አመሰግናለሁ።

የማታውቁኝ ካላችሁ፣ ተወልጄ ያደግኩት አዘዞ ነው። አሁን የምሠራው አሜሪካ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ የግዥ ካርድ ክፍል ነው። ሥራችን ባጭሩ ይሄ ነው። ለመምህራን፣ ለላብራቶሪ ባለሙያዎችና ለጸሐፊዎች ትንንሽ ዕቃ የሚገዙበት የባንክ ካርድ እንሰጣለን። ከዚያ በየወሩ የወጣውን እያንዳንዱን ክፍያ ከደረሰኙ ጋር እናገናኛለን። እዚህ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያሉ ወዳጆቼ «ይሄ ነገር ለእኛ ይሠራል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ዛሬ የቆምኩት ለዚህ ነው።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ይሠራል። የሚሠራው ግን ደረሰኙን ቁጭ ብሎ የሚያነብ፣ አንብቦም «ይሄ አይሆንም» ማለት የሚችል ሰው ካለ ብቻ ነው። እሱ ከሌለ ካርዱ ባይመጣ ይሻላል።

መጀመሪያ ችግሩን እንይ፤ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። አንድ የላብራቶሪ ማሽን ቆሟል እንበል። የተቃጠለው ፊውዝ ነው። ፒያሳ ወርዶ ገዝቶ መመለስ የአንድ ሰዓት ጉዳይ ነው። ግን መጠየቂያው መሞላት አለበት፣ ኃላፊው መፈረም አለበት፣ በጀት መኖሩ መረጋገጥ አለበት፣ ከዚያ ግዥ ክፍል ዋጋ ለማወዳደር ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት፣ ይሰበስባል፤ ባለሱቁ ደግሞ ፕሮፎርማ መጻፍ ሰልችቶታል፣ «የማትገዙ ከሆነ ለምን ታስጽፉኛላችሁ» ይላል፣ እውነቱን ነው። ይሄ ሁሉ ሲሆን ማሽኑ እንደቆመ ነው። ተማሪው ልምምዱን ሳይሠራ ሴሚስተሩ ያልቃል።

ይሄን ሁሉ የምናደርገው የመንግሥት ገንዘብ እንዳይባክን ነው። ግን ሁላችንም የምናውቀው ነገር አለ። አንዳንዴ ሦስቱም ፕሮፎርማ ከአንድ ሰው እጅ ይመጣል። ወረቀቱ ሙሉ ነው፣ ማኅተሙ ሙሉ ነው፣ ውድድር ግን የለም። ፋይሉን የከፈተ ሰው ምንም ጉድለት አያገኝበትም።

ሌላው መንገድ ቅድሚያ ክፍያ ነው። ገንዘብ ይወጣል፣ ሰውየው ይገዛል፣ ከዚያ ደረሰኝ አምጥቶ ያወራርዳል ይባላል። ሳያወራርድ ይከርማል። የፌዴራል ዋና ኦዲተር ለምክር ቤት በሚያቀርበው ሪፖርት ላይ በወቅቱ ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሂሳብና ከመመሪያ ውጭ የተፈጸመ ግዥ በተደጋጋሚ ይነሳል፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ከዚህ ወቀሳ ነፃ ሆነው አያውቁም። እዚህ የተቀመጣችሁ የሂሳብ ባለሙያዎች አንድን መምህር «ኧረ አወራርድ» እያላችሁ ስትለምኑ መክረማችሁን አውቃለሁ። መለመን የእናንተ ሥራ አልነበረም።

አሜሪካኖቹም የጀመሩት ከዚሁ ችግር ነው። ለትንሽ ዕቃ የሚወጣው የሰው ጊዜና የወረቀት ሥራ ከዕቃው ዋጋ እየበለጠ ሲያስቸግር፣ የፌዴራል መንግሥቱ መሥሪያ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ካርድ መሞከር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ ሕግ እስከ 2,500 ዶላር የሚደርስ ጥቃቅን ግዥ ያለ ዋጋ ማወዳደሪያ እንዲፈጸም ተፈቀደ። ገደቡ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ከፍ ብሏል። ዩኒቨርሲቲዎቹም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተከተሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ካርዱ ላይ የሠራተኛው ስም አለ፣ ዕዳው ግን የዩኒቨርሲቲው ነው። ባንኩ በወር አንድ ጊዜ የሁሉንም ካርድ ሂሳብ አጠቃሎ ይልካል፣ ዩኒቨርሲቲው በአንድ ክፍያ ይዘጋዋል። ለአንድ ጊዜ ግዥ ገደብ አለ፣ ለወርም ገደብ አለ። ከዚህ ሌላ እያንዳንዱ የንግድ ዓይነት ባለ አራት አኃዝ ኮድ አለው። ምግብ ቤት 5812 ነው፣ ጌጣጌጥ ቤት 5944 ነው፣ ቁማር 7995 ነው፣ ከማሽን ጥሬ ገንዘብ ማውጣት 6011 ነው። የማንፈልገውን ኮድ እንዘጋለን። ካርዱ ቁማር ቤት ሲደርስ እምቢ ይላል።

ይሄን ሲሰሙ ብዙ ሰዎች «እንዲህ ከሆነማ ምን ያሳስባል፣ ማሽኑ ራሱ ይጠብቃል» ይላሉ። አይጠብቅም። ኮዱ የሱቁን ዓይነት እንጂ የተገዛውን ዕቃ አያውቅም። ሁሉንም ነገር የሚሸጥ ትልቅ መደብር ኮዱ አንድ ነው፤ ወረቀትም ግዛ፣ ቴሌቪዥንም ግዛ፣ ለማሽኑ ያው ነው።

ገደቡስ? አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። የአንድ ግዥ ገደብ 5,000 ዶላር ነው እንበል። የወሩ ሂሳብ ላይ እንዲህ የሚል ይመጣል። ማክሰኞ፣ የቢሮ ዕቃ መደብር፣ 4,870 ዶላር። ማክሰኞ፣ ያው መደብር፣ 4,910 ዶላር። ረቡዕ፣ ያው መደብር፣ 4,655 ዶላር። ሦስቱም ከገደቡ በታች ናቸው። ማሽኑ ሦስቱንም አሳልፏል። ደምሩት፣ 14,435 ዶላር ነው። ሦስቱን ደረሰኞች ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ጠረጴዛው አንዱ ላይ ነው፣ ወንበሮቹ አንዱ ላይ፣ መደርደሪያው አንዱ ላይ። የአንድ ክፍል ዕቃ ነው። በጨረታ መገዛት የነበረበት ግዥ ተከፋፍሎ ገብቷል። ይሄን የሚያየው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሦስቱን አብሮ ካነበበ።

እንዲህ ያደረገ ሁሉ ሌባ ነው አልልም። ብዙ ጊዜ የቸኮለ ሰው ነው፤ ተማሪዎች ሊገቡ ሲሉ ክፍሉ ባዶ ሆኖበት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ስልክ ደውለን እንጠይቃለን። ግን በዝምታ አናልፍም። አንዴ በዝምታ ካለፈ የሁሉም ሰው ልማድ ይሆናል።

ዝምታ የት ድረስ እንደሚያደርስ የየል ዩኒቨርሲቲን ታሪክ ልንገራችሁ፤ በፍርድ ቤት የተረጋገጠ ነው። በሕክምና ትምህርት ቤቱ ውስጥ ፋይናንስ ትመራ የነበረች ሠራተኛ ከ2013 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ኮምፒውተርና ታብሌት በዩኒቨርሲቲው ስም እያዘዘች ለሌላ ድርጅት ስትሸጥ ኖረች። ከ10,000 ዶላር በታች የሆነውን ግዥ ራሷ ማጽደቅ ትችል ነበር፤ ስለዚህ ሁሉንም ትዕዛዝ ከ10,000 በታች እያደረገች ከፋፈለችው። የተወሰደው ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። በ2022 የ9 ዓመት እስራት ተፈረደባት። በካርድ እንኳ አልነበረም፣ በተለመደው የግዥ ትዕዛዝ ነው። ዓለም ላይ ስሙ ከታወቀ ዩኒቨርሲቲ፣ ስንት ሲስተም ካለበት ቦታ። ያዘዘውም ያጸደቀውም አንድ ሰው ነበር፣ ለዓመታትም «ይሄ ሁሉ ታብሌት የት ገባ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። እዚህ ጋ በጣም የሚያሳስበኝ ነገር አለ፤ እሱም ይሉኝታ ነው።

አጽዳቂው ማን ይሁን ሲባል ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ቅርብ ያለው ሰው ነው። የዲኑን ደረሰኝ የዲኑ ጸሐፊ ታጽድቅ ይባላል። የፕሮፌሰሩን ደረሰኝ የእሳቸው የቀድሞ ተማሪ ያጽድቅ ይባላል። እስኪ በሰው ልክ እናስበው። ያስተማሩህን ሰው፣ ሠርግህ ላይ ሽማግሌ ሆነው የቆሙልህን ሰው «ጋሼ፣ ይሄ የእራት ደረሰኝ ዝርዝር የለውም፣ አልቀበልም» ትላቸዋለህ? አትልም። ትፈርማለህ። አንተ ክፉ ሆነህ አይደለም፣ የተሰጠህ ቦታ ነው ክፉ። በአሜሪካም ከደንቡ ዋና ነጥቦች አንዱ ይሄ ነው፤ የበታች የበላዩን ወጪ አያጸድቅም። እዚያ ለሥርዓት ሲባል ነው፤ እኛ ጋ ግን ይሄ ደንብ ከሌለ ሥራው ገና ሳይጀመር ይሞታል ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ አጽዳቂው ከካርድ ያዡ በላይ ይሁን፣ ወይም ከዚያ ክፍል ጨርሶ ውጭ ይሁን። የሚገዛው፣ ዕቃውን የሚረከበውና ክፍያውን የሚያጸድቀው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። ይሄ ጎንደር ላይ እንግዳ ሐሳብ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲው በ1947 ዓ.ም የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር የጤና መኮንኑ፣ የኮሚኒቲ ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው (ሳኒታሪያኑ) በቡድን ነበር የሚሠለጥኑት፣ አንዱ የሌላውን ድርሻ ሳይወስድ አብሮ ይሠራ ነበር።

ደረሰኝ ማንበብ ስል ምን ማለቴ እንደሆነም ግልጽ ላድርግ። በእጅ የተጻፈ ደረሰኝ ይመጣል፤ «የቢሮ ዕቃ፣ ብዛት 1፣ 8,500 ብር» ይላል። ማኅተም አለው፣ ቲን ቁጥር አለው። ይሄን ደረሰኝ ማጽደቅ ማንበብ አይደለም። ምን ዓይነት የቢሮ ዕቃ? እንዴት ብዛቱ 1 ሆነ? አሁን የት ነው ያለው? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ካልተመለሱ አይፈረምም።

በእኛ አገር ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ፖስ፣ ማለትም ካርድ የሚቀበል ማሽን፣ የሌለው ሱቅ ብዙ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም ከመጣ ወዲህ ሰዉ በስልክ መክፈልን ለምዷል፣ የባንክ መተግበሪያውም እንዲሁ። ስለዚህ ነገ ካርድ ተባለም፣ ገደብ ያለው የስልክ ሂሳብ ተባለም ሐሳቡ አንድ ነው፤ እኔ በፕላስቲኩ አልጣላም። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ከስልክ ወደ ሱቅ ሂሳብ ብር ስትልኩ ቅድም ያልኳችሁ የንግድ ዓይነት ኮድ እንደ ካርዱ አይጠብቃችሁም፤ ስለዚህ የአንባቢው ሸክም ይበልጥ ይከብዳል። ሁለተኛ፣ የቴሌብር መልእክት የዕቃ ደረሰኝ አይደለም። ብሩ መሄዱን ይነግርሃል እንጂ በብሩ ምን እንደተገዛ አይነግርህም። የመልእክቱን ፎቶ አያይዞ «አወራርጃለሁ» የሚል ሰው ይመጣል፤ ከመጀመሪያው ቀን በትሕትና መልሱት።

ሌላው ዊዝሆልዲንግ ነው። ከተወሰነ መጠን በላይ ስትገዙ ከሻጩ ክፍያ ላይ ግብር ቀንሳችሁ ለገቢዎች ማስገባት አለባችሁ። ካርድ ሙሉውን ዋጋ እዚያው ይከፍላል፣ ቅነሳ አያውቅም። ስለዚህ የአንድ ግዥ ገደቡን ዊዝሆልዲንግ ከሚጀምርበት መጠን በታች አድርጉት። ይሄን ካላደረጋችሁ በየወሩ ከሻጭና ከግብር ቢሮ ጋር ስትነታረኩ ትውላላችሁ።

ቋሚ ንብረት በካርድ አይገዛ። ኮምፒውተር፣ ፕሪንተር፣ ወንበር፣ አንዱም። ዕቃው ከሱቅ ቀጥታ ቢሮ ከገባ ንብረት ክፍል ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) አልቆረጠለትም፣ ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) አልወጣለትም፣ መለያ ቁጥር የለውም። ከዓመት በኋላ ቢጠፋ መጥፋቱን የሚያውቅ የለም፤ መኖሩንም ያወቀ አልነበረማ። ካርዱ ለሚያልቅ ነገር ይሁን። ለፊውዝ፣ ለቱቦ፣ ለባትሪ፣ ለላብራቶሪ ጓንት።

ካርድ አይዋዋስም። «እኔ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ በእኔ ካርድ ግዛና ና» የሚባል ነገር የለም። የሚለቅ ሠራተኛ ክሊራንስ ሲዞር ቅጹ ላይ የካርድ ክፍል ፊርማ ይጨመር። ካርዱ ሳይዘጋ ማንም አይለቅ።

ባንኮች ደግሞ ይመጣሉ። አሜሪካ ውስጥ ባንኩ በዓመት ከወጣው ላይ ትንሽ ፐርሰንት ለዩኒቨርሲቲው ይመልሳል። ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ኃላፊዎች ያችን ተመላሽ ማየት ሲጀምሩ «ወጪው ሁሉ በካርድ ይሁን» ማለት ይመጣል። ከዚህ ተጠንቀቁ። ካርዱ የተፈለገው ለፊውዙ ነው።

የምለምናችሁ ይሄን ነው። ሁሉንም ክፍል በአንዴ አትጀምሩ። አንድ ሁለት ላብራቶሪ ምረጡ፤ ከሆስፒታሉ አንድ፣ ከማራኪ ወይም ከቴዎድሮስ ግቢ አንድ። ባንክ ከመምረጣችሁ በፊት አጽዳቂዎቹን ምረጡ። ምረጡና አሠልጥኗቸው፣ ለንባቡ የሥራ ሰዓት መድቡላቸው፤ ከመደበኛ ሥራው በላይ የተጫነበት ሰው አያነብም፣ ይፈርማል። «አልቀበልም» ብለው ደረሰኝ ሲመልሱ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ድረስ የሚደግፋቸው ሰው ይኑር፤ ይሄንንም በጽሑፍ አግኙት።

ካርድ ያዡ የሚፈርምበትን ስምምነት በአማርኛ አዘጋጅቼ አምጥቻለሁ፣ ሁለት ገጽ ነው፣ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አለ። እናንተ መመሪያውን ስለምታውቁ እያነበባችሁ አርሙት፣ የማይሆነውን ሰርዙ። አሁን ጥያቄ ካላችሁ፣ በተለይ ሂሳብ የምታወራርዱት እናንተ፣ ከእናንተ እንጀምር።