መጨረሻውን እያወቅን ለምን ልባችን ይንጠለጠላል? የፍሬድሪክ ፎርሳይት ነገር

ሰላም ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ! እኔ ያው ከደብረ ማርቆስ ነኝ። ዛሬ መብራት አለ፣ ተመስገን፤ ሳይሄድብን ቶሎ እንግባበት።

የዛሬው ሰው ፍሬድሪክ ፎርሳይት ነው። እንግሊዛዊ። ጋዜጠኛ። ከዚያ ደግሞ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ጸሐፊ። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም የምጠራው በፈረንጆቹ ነው፤ ኋላ «ስምንት ዓመት ጨመርክ» እንዳትሉኝ።

ሕይወቱን በሩጫ ልንገራችሁ። በ1938 ኬንት ውስጥ አሽፎርድ በምትባል ከተማ ተወለደ። በ19 ዓመቱ የጦር አውሮፕላን ያበር ነበር። እኔ በ19 ዓመቴ ሳይክል ላይ እወድቅ ነበር፣ እሱን ተዉት። በ1961 ሮይተርስ ገባ፣ ፓሪስ ተላከ። በ1965 ወደ ቢቢሲ ዞረ። በ1967 ቢያፍራ ከናይጄሪያ ልገንጠል ብላ ጦርነት ሲነሳ ሄዶ እንዲዘግብ ላኩት። እዚያ ያየውና አለቆቹ የሚፈልጉት አልገጠመም። ተጣላ። ሥራውን ለቆ በራሱ ተመልሶ ሄደ። ጦርነቱ ሲያልቅ አገሩ ገባ፤ ሥራ የለው፣ ገንዘብ የለው፣ ቤት እንኳ የለው።

ታዲያ በ1970 መጀመሪያ ላይ ታይፕራይተሩን ይዞ ቁጭ አለ። በ35 ቀን አንድ ልቦለድ ጨረሰ። ሠላሳ አምስት ቀን! ዐቢይ ጾም እንኳ 55 ቀን ነው።

መጽሐፉ «ዘ ዴይ ኦፍ ዘ ጃካል» ይባላል። ነገሩ አጭር ነው፤ አንድ ቅጥረኛ ገዳይ የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት ደጎልን ሊገድል ይነሳል። አሳታሚዎች ግን መለሱት። አንዱ መለሰው፣ ሌላውም መለሰው። ምክንያታቸው? ደጎል በሕይወት አለ! ማንም እንዳልገደለው ዓለም ሁሉ ያውቃል። መጨረሻው የታወቀ ታሪክ ማን ገዝቶ ያነባል?

እዚህ ጋ አጎቴን ላምጣላችሁ።

አጎቴ ድሮ ለፋሲካ ከአዲስ አበባ ሲመጣ የተሳፈረበት አውቶብስ አባይ በረሃ ላይ ፍሬን እምቢ አለ። ታሪኩን ሃያ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ጎሐ ጽዮንን አልፈው ቁልቁለቱን ይጀምራሉ። መጀመሪያ ሽታው ይመጣል። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ። እናቶች «ኧረ እመብርሃን!» ይላሉ። ሹፌሩ ዝም። ማርሽ ይቀንሳል፣ ሞተሩ ያጓራል። ረዳቱ ታኮውን አቅፎ በሩ ላይ ቆሟል፤ ዘሎ ወርዶ ጎማው ስር ሊያስገባ። አጎቴ እዚህ ሲደርስ ስኒውን ያስቀምጣል። ሁልጊዜ እዚህ ጋ ነው የሚያስቀምጠው። እኛም «ከዚያስ?» እንላለን።

ቆይ፣ ምን ከዚያስ አለው? ሰውዬው እኮ ፊታችን ተቀምጦ ሁለተኛውን ቡና እየጠጣ ነው! አልሞተም። ድልድዩን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ደጀን ገብቶ ሽሮ በልቷል። የበላውን ሽሮ ሳይቀር ይነግረናል። እኛ ግን ታኮው ላይ ነን። ታኮው ይይዝ ይሆን? ድንጋይ ላይ ይንሸራተት ይሆን?

ፎርሳይት ያደረገው ይህንኑ ነው። ታኮውን አሳየን። ጋዜጠኛ ነዋ! ነገሮች እንዴት እንደሚሠሩ ጠይቆ ያውቃል። ጃካል የተባለውን ገዳይ የሚቀጥረው ኦ ኤ ኤስ ነው፤ አልጄሪያ ከፈረንሳይ ነፃ እንዳትወጣ የሚዋጋ፣ ለዚህም ደጎልን የሚጠላ የፈረንሳዮች ድብቅ ድርጅት። ጃካል በሕፃንነቱ በሞተ ልጅ ስም እውነተኛ ፓስፖርት ያወጣል፤ የልደት መዝገብና የሞት መዝገብ አይተያዩማ። ጠመንጃው ተፈታቶ ክራንች ውስጥ ይገባል። በቃ፣ ቴክኒኩ ይኸው ነው። የፓስፖርቱ ክፍተት ግን የምር ነበር፤ መጽሐፉ ወጥቶም እንግሊዝ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ሳይደፈን ቆየ። ታነባላችሁ፣ «ይሄማ ይሆናል!» ትላላችሁ፣ ልባችሁ ይንጠለጠላል።

መጽሐፉ በ1971 ታተመ። በ1972 አሜሪካ ውስጥ ለወንጀል ልቦለዶች የሚሰጠውን የኤድጋርን ሽልማት ወሰደ። በ1973 ፊልም ሆነ።

አሁን አንድ ነገር ካላጠራሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ባለፈው ስሙን ባነሳሁ ጊዜ ስንቶቻችሁ ናችሁ «ጃካል እኮ የእውነት ሰው ነው፣ ካርሎስ ነው» ያላችሁኝ! አንድ የፍኖተ ሰላም ወንድማችንማ ሦስት ጊዜ ጽፎልኛል። ወንድሜ፣ በእርጋታ ስማኝ። ካርሎስ የሚባለው ቬኔዝዌላዊ አሸባሪ አለ፤ ልክ ነህ። «ካርሎስ ዘ ጃካል» ይሉታል፤ አሁንም ልክ ነህ። ግን ስሙን ያወጣለት መጽሐፉ ነው! በ1975 ለንደን ውስጥ ካርሎስ ዕቃውን ባስቀመጠበት ቤት አንድ ጋዜጠኛ ይህን ልቦለድ መደርደሪያ ላይ አየ። በቃ፣ ጋዜጦቹ ጃካል አሉት፣ ተለጠፈበት። መጽሐፉ ደግሞ የካርሎስ እንኳ አልነበረም። የሰው መጽሐፍ ነው ስም ያወጣለት!

እውነቱ የቱ ጋ ነው ካላችሁ፣ መነሻው ላይ ነው። ነሐሴ 22 ቀን 1962 ፓሪስ አጠገብ ፔቲ ክላማር ላይ የደጎል መኪና በጥይት ተደብድቧል። ጎማው ፈነዳ፣ መስታወቱ ረገፈ፣ ሹፌሩ ግን ነድቶ አወጣቸው። ደጎልም ባለቤታቸውም አንድ ጭረት ሳይነካቸው ተረፉ። ያንን ሹፌር አባይ በረሃ ላይ ባገኘነው! ልቦለዱ ከዚህ ይነሳል፤ ጃካል ግን ፈጠራ ነው። ጨረስኩ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ ይህን ያህል ጮኼ በነፃማ አይሆንም።

«ሰላይ ነበር እንዴ?» ላላችሁት ደግሞ፣ በ2015 ባወጣው የሕይወት ታሪኩ ለእንግሊዝ የስለላ ድርጅት ኤም አይ 6 ይላላክ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ያለ ደመወዝ ነው አሉ። እሱ ነው የገረመኝ።

ሰኔ 9 ቀን 2025 በ86 ዓመቱ አረፈ። ኮምፒውተር አይወድም ነበር፤ እስከ መጨረሻው በታይፕራይተር ነው የጻፈው። ታይፕራይተር ሀከር አይገባበትማ። ይኸው ሰው በ2018፣ ሰማንያ በሞላው ዓመት፣ የአሜሪካን የስለላ ኮምፒውተር ሰብሮ ስለገባ እንግሊዛዊ ታዳጊ ልቦለድ አወጣ። «ዘ ፎክስ» ይላል ሽፋኑ። ለእኔ እንደ መጀመሪያው አልያዘኝም፤ እዚህኛው ውስጥ ታኮው አይታይም።

ግን አስቡት፤ ጃካል በአማርኛ ምንድን ነው? ቀበሮ። ፎክስስ? እሱም ቀበሮ! አንድ ሰው ሁለቱን ወደ አማርኛ ልመልስ ቢል ሽፋኑ ላይ ምን ሊጽፍ ነው? «ቀበሮ» እና «ሌላው ቀበሮ»? ጎጃም ውስጥ ሁለቱን ለይቶ የሚጠራ ሰው ካለ ከታች ይጻፍልኝ፤ አጎቴን ጠይቄው «ሁለቱም በግ ይበላሉ» ብሎኛል።