ሃዮሊት የማን ወገን ነው?

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬም ስለ ሃዮሊት፣ ከጠፋ ብዙ ዘመን ስለሆነውና በድንጋይ ውስጥ ቅሪቱ ስለሚገኘው የባሕር እንስሳ፣ ልናገር ነው። «ደግሞ ድንጋይ!» ብላችሁ የምታቃስቱ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እናንተ እንደ ወትሮው ወደሚቀጥለው ክፍል እለፉ፣ አልቀየምም። ባለፈው ጊዜ ስለዚህ እንስሳ የምለው አልቆ ነበር፤ ቢያንስ ያለቀ መስሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሌላ ርዕስ ለማዘጋጀት በተቀመጥኩ ቁጥር ሐሳቤ ወደዚያው እየተመለሰ አስቸገረኝ። ስለዚህ ይህን ክፍል ያለ ማስታወሻ፣ እንደመጣልኝ እናገረዋለሁ።

እንስሳው ያው የምታውቁት ነው፤ አንድ ጫፉ የሾለና የተዘጋ፣ ሌላው ጫፉ በክዳን የሚገጠም ቀንድ ማለት ነው። አብዛኛዎቹ ርዝመታቸው ከጥቂት ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። በክዳኑና በቀንዱ መካከል ካለው ክፍተት፣ ግራና ቀኝ፣ ሄለን የሚባሉ ሁለት ቀጫጭንና ጎበጥ ያሉ ዘንጎች ይወጣሉ። ከካምብሪያን ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ የዛሬ 252 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፐርሚያን ማብቂያ ላይ እስከደረሰው ታላቅ እልቂት ድረስ በባሕር ወለል ላይ ኖሯል። ከ270 ሚሊዮን ዓመት በላይ የኖረ ፍጡር ነው እንግዲህ፤ ለአፍታ ብቅ ብሎ የጠፋ አይደለም። ዛጎሉ በብዙ አገር ድንጋይ ውስጥ ይገኛል። ለረጅም ጊዜ ያልተገኘው ዛጎሉን ሠርቶ በውስጡ የኖረው ሥጋ ነው፤ ክርክሩም ሁሉ የመነጨው ከዚሁ ነው።

የተፈጥሮ ተመራማሪው አይክቫልድ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1840 ስሙን ካወጣለት በኋላ፣ በቦሄሚያ ድንጋዮች ላይ ዕድሜውን የጨረሰው ዮአኪም ባራንድ በ1867 ሃዮሊቶችን የሚዋኙ ቀንድ አውጣዎች ከሆኑት ከፕቴሮፖዶች ጋር አስቀመጣቸው። ከመቶ ዓመት በኋላም ቢሆን ነገሩ አልለየለትም ነበር። በ1975 ሩኔጋርና ባልደረቦቹ «ይህ ለብቻው የቆመ ክፍለ ስፍን ነው» ብለው ጻፉ፤ በማግሥቱ ዓመት ማሬክና ዮኬልሰን «የለም፣ ሞለስክ ነው» አሉ፤ ቀንድ አውጣ ካለበት ትልቅ የእንስሳት ክፍል ነው ማለታቸው ነው። ሁለቱም ወገኖች የተመለከቱት ያንኑ ዛጎልና ያንኑ የጡንቻ ጠባሳ ነበር። እኔን ሁልጊዜ የሚያስቀኝ ግን የሄለኖቹ ነገር ነው። ቻርልስ ዋልኮት እነዚያን ዘንጎች ከቀንዱ ተነጥለው ቢያገኛቸው ራሱን የቻለ እንስሳ መስለውት ሄሌኒያ የሚል የወገን ስም ሰጣቸው። እንስሳው የማን እንደሆነ አለመታወቁ አንሶ፣ ክንዱ እንኳ የራሱ መሆኑ የታወቀው ዘግይቶ ነው።

በፈረንጆቹ ጥር 2017 በኔቸር መጽሔት የወጣውን ጽሑፍ ያነበብኩበትን ቀን እስካሁን አልረሳሁትም። ጆሴፍ ሞይሲዩክ ያን ጊዜ እዚሁ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ነበር። ከማርቲን ስሚዝና ከሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየሙ ዣን-በርናር ካሮን ጋር ሆኖ፣ ከብሪቲሽ ኮሎምቢያው በርጀስ ሼልና ከአሜሪካው ስፔንስ ሼል የድንጋይ ንብርብሮች የተሰበሰቡ ከ1,500 በላይ ሃዮሊቶችን መረመረ። አብዛኛዎቹ ሃፕሎፍሬንቲስ የሚባለው ወገን ናቸው። በርጀስ ሼልን ልዩ የሚያደርገው የዛሬ 508 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በደረሰ የጭቃ ናዳ እንስሳቱ ከነሥጋቸው መቀበራቸው ነው፤ ሥጋው ሳይበሰብስ በድንጋዩ ፊት ላይ ቀጭን የካርቦን ሽፋን ሆኖ ቀርቷል። ተመራማሪዎቹ በክዳኑ ሥር፣ አፉ ባለበት ቦታ፣ የተዘረጋ ክንፍ የመሰለ መቀነት አዩ፤ ከመቀነቱም ከ12 እስከ 16 የሚሆኑ ተጣጣፊ ቀጫጭን ክንዶች ወጥተዋል። እንዲህ ያለው ምግብ ማጥመጃ ሎፎፎር ይባላል፤ ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ብራኪዮፖዶች፣ ማለትም ሁለት ዛጎል የገጠሙ የባሕር እንስሳት፣ እንዲሁም ፎሮኒዶች የሚባሉት የባሕር ትሎች አላቸው። በጽሑፉ መሠረት ሃዮሊት ሞለስክ አይደለም፤ የብራኪዮፖድ ዘመድ ነው። ሄለኖቹም ቀንዱን ከደለሉ ከፍ አድርገው አፉን ወደ ጅረቱ የሚያቀኑ ምርኩዞች ናቸው።

ይህን ሁሉ ከዚህ ቀደም ነግሬያችኋለሁ። ያልነገርኳችሁ እሑድ ዕለት ከጋሼ ጋር የሆነውን ነው።

ጋሼን፣ እናንተ «ዳኛው» ብላችሁ የሰየማችኋቸውን፣ ታውቋቸዋላችሁ። ሁለተኛው ቡና እስኪፈላ ስንጠብቅ፣ ከሙዚየሙ ድረ ገጽ አትሜ ጠረጴዛው ላይ የተውኩትን የሃፕሎፍሬንቲስ ፎቶግራፍ አነሡት። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉና ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ ቆዩ። ፎቶው ግራጫ ድንጋይ ላይ የተጋደመ፣ ከድንጋዩ ጥቂት የጠቆረ ቀንድ ነው፤ ሁለቱ ሄለኖች ወደ ኋላ ጎብጠው ይታያሉ፤ በክዳኑ ጠርዝ አጠገብ፣ የት እንዳለ ካልነገሯችሁ የማታስተውሉት ጥላ የመሰለ ነገር አለ። እኔም ሳልጠየቅ መናገር ጀመርኩ፤ ታውቁኛላችሁ። ስለ ባራንድ ተናገርኩ፣ ስለ 2017ቱ ጽሑፍ ተናገርኩ፣ በመጨረሻም ጥላውን በጣቴ ነክቼ «ይኸው፣ በዚህ በዚህ ክንድ ነው ወገኑ የታወቀው» አልኳቸው። ጋሼ ወረቀቱን አላስቀመጡም። «ከዚህች ጥላ በቀር ሌላ ምስክር አለው?» አሉኝ።

እኔም ፈጥኜ «አለው እንጂ፣ ከ1,500 በላይ ናሙና አይተዋል» አልኩ። እርሳቸው ግን «እሱማ አንዱ ምስክር ደጋግሞ ሲናገር ነው። እኔ የጠየቅኩህ ሌላ ምስክር ነው» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝና ስለ ልጃቸው ኪራይ ማውራት ጀመሩ። ይኸው ነው የሆነው። ማንም አልተጣላም፣ ማንም አልተረታም፤ ቡናውም ደረሰ።

እኔ ግን ከዚያ ወዲህ መልሱን እየደጋገምኩ እጽፋለሁ። አንድ ጊዜ «አንድ ሺህ ናሙና አንድ ምስክር አይደለም» እላቸዋለሁ፤ ምክንያቱም ጥላው በአንድ ድንጋይ ላይ ብቻ ቢታይ የመበስበስ ውጤት ነው ሊባል ይችል ነበር፤ በብዙ እንስሳ ላይ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ቅርጽ ሲገኝ ግን አካል እንጂ እድፍ አይደለም። ይህ ትክክል ይመስለኛል። ነገር ግን ይህ የሚያረጋግጠው ክንዶቹ መኖራቸውን ነው። ጋሼ የጠየቁት ክንድ መኖሩን አልነበረም፤ ክንድ መኖሩ ዝምድናን የሚያስረዳ መሆኑን ነው፤ ወይም እኔ እንደዚያ ሰምቼዋለሁ። ከውሃ ውስጥ ምግብ እያጣሩ የሚበሉ እንስሳት በተለያየ ጊዜ፣ ሳይዛመዱ፣ ክንድ አብቅለዋል። ታዲያ ሁለተኛው ምስክር ማን ይሁን? ዛጎሉን ብትጠሩት፣ የጥቃቅን ንጣፎቹ አሠራር ወደ ሞለስክ ይስባል። አንጀቱን ብትጠሩት፣ ታጥፎ ወደ አፉ አቅጣጫ መመለሱ ለብራኪዮፖዱም ለሌላውም የሚሆን ነገር ነው። ሄለኖቹን ብትጠሩት፣ በሕይወት ካሉት እንስሳት ሄለን ያለው የለምና የሚመሰክሩት ለራሳቸው ብቻ ነው።

ስለ አንጀት ካነሣሁ አይቀር፣ ሃዮሊትን በሚገባ የሚያውቀው ኦቶያ ነው። ኦቶያ በዚያው በበርጀስ ባሕር ወለል ውስጥ ጎሬ ቆፍሮ የሚኖር፣ አፉ በእሾህ የተከበበ ትል ነው። ሳይመን ኮንዌይ ሞሪስ በ1977 ባወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ በኦቶያ ሆድ ውስጥ ሃዮሊቶች ከነዛጎላቸው ተውጠው ይገኛሉ፤ አብዛኛዎቹም በአንድ አቅጣጫ የተዋጡ ናቸው። ትሉ ከየት በኩል እንደሚይዛቸው ያውቅ ነበር ማለት ነው። እኔ የዚህን ነገር ምስል ባየሁ ቁጥር እስቃለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ ይጠፋብኛል፣ ምክንያቱን አልጠይቀውም። ወገኑን ለማወቅ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ስንከራከርበት የኖርነውን እንስሳ ኦቶያ በእራትነት ብቻ ያውቀው ነበር፤ ያም በቂው ነበር።

ወደ ምስክሩ ልመለስ። በ2018 ከቻይናው የቼንግጂያንግ ድንጋይ፣ ከበርጀስ በአሥር ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከሚቀድመው፣ ፔዱንኩሎቴካ የተባለ ሃዮሊት ተገለጸ። ይህኛው ከሾለው ጫፉ የሚወጣ፣ ከባሕር ወለል ጋር የሚያያይዘው ሥጋዊ ዘንግ አለው፤ ብራኪዮፖዶችም እንዲህ ባለ ዘንግ ነው የሚጣበቁት። ያን ጊዜ ጋሼ ቢጠይቁኝ ኖሮ «ይኸው ሁለተኛው ምስክር!» ብዬ ጠረጴዛውን እመታ ነበር። በ2020 ግን ከዚያው ከቼንግጂያንግ ሌላ ጥናት ወጣ፤ ርዕሱ ራሱ ጥያቄ ነው፣ ሃዮሊቶች በእርግጥ የሎፎፎር ባለቤቶች ናቸው ወይ የሚል። ተመራማሪዎቹ ትሪፕሊካቴላ በተባለው ሃዮሊት ላይ ያዩት ክንድ በመቀነት ላይ የተደረደረ ሳይሆን እንደ ጉንጉን የተሰበሰበ ነው፤ ስለዚህ እንስሳውን ከብራኪዮፖድ ጎን ከማቆም ይልቅ ብራኪዮፖድም ሞለስክም ከወጡበት ሰፊ ግንድ ሥር፣ ቀደም ካለ ቦታ ላይ አስቀመጡት።

እኔ ወደየትኛው እንደማዘነብል ልንገራችሁ። ወደ 2017ቱ አዘነብላለሁ። ለምን እንደማዘነብል ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ማስረጃው ይበልጥ ስለሚያሳምነኝ ሊሆን ይችላል፤ ብራኪዮፖድን ስለምወድ ብቻም ሊሆን ይችላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ የምታልፉት የአንታሎ የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን ባሕር ወለል የነበረ ነው፤ ብራኪዮፖዶች አሉበት፤ በእጃችሁ ስትይዟቸው የላይኛውና የታችኛው ዛጎል መጋጠሚያ በጥፍር ይዳሰሳል። ሃዮሊት ግን እዚያ የለም፣ ሊኖርም አይችልም፤ ያ ባሕር አገራችንን ሲሸፍን ሃዮሊት ከጠፋ ብዙ አሥር ሚሊዮኖች ዓመታት አልፈው ነበር። ዘመድ ነው ከተባለው የቀረው እዚያ አለ፤ እርሱ ግን አልደረሰበትም። ምናልባት ዝምድናው እውነት እንዲሆን የምፈልገው ለዚህ ነው፤ ሃዮሊትን በአንድ ነገር በኩል እንኳ ወደማውቀው መሬት ለማስጠጋት። እንዲህ ያለ ምኞት ያለው ሰው ደግሞ ማስረጃ ሊመዝን አይገባውም ትሉኝ ይሆናል፤ አልከራከራችሁም። ይሁንና ማስረጃ የሚመዝን፣ ምንም የማይመኝ ሰው አይቼ አላውቅም። ባራንድም ቦሄሚያውን ይወድ ነበር።

አሁን ደግሞ፣ ይህን እየተናገርኩ ሳለሁ፣ ሌላ ነገር መጣብኝ። የ2017ቱ ምስክር ሃፕሎፍሬንቲስ ሄለን ያለው ነው፤ ሃዮሊቲድ ከሚባለው ክፍል ነው። የ2020ው ምስክር ትሪፕሊካቴላ ግን ኦርቶቴሲድ ከሚባለው ሌላው የሃዮሊት ክፍል ነው፤ ኦርቶቴሲዶች ሄለን የላቸውም፤ የብዙዎቹ አንጀትም እንደ ሃዮሊቲዶቹ በቀላሉ የታጠፈ ሳይሆን የተጠማዘዘ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም የምንጠራቸው ሁለቱም ክዳን ያለው ቀንድ ስለሆኑ ነው። ታዲያ የአንዱ ክንድ እንደ ጉንጉን መሰብሰቡ በሌላው ክንድ ላይ ምን ያስረዳል? ሁለቱ የእውነት ወንድማማች ከሆኑ ብዙ ያስረዳል፤ ከሁለቱ አንዱ ጥንታዊውን ቅርጽ ይዞ ቀርቶ ሌላው ተለውጧል ማለት ነው፣ የቱ ነው የሚለውም ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ወንድማማች መሆናቸው ግን በምን ታወቀ ቢባል፣ መልሱ በዛጎሉ ነው፤ ዛጎሉ ደግሞ ከመጀመሪያው ያላመንነው ምስክር ነበር። እሱን ካላመንነው ሁለቱን ማነጻጸር ራሱ ይቀራል፤ ካመንነው ደግሞ ወደ ሞለስክ ሲስበን ለምን አልሰማነውም? ከዛጎሉ ቅርጹን አምኖ የንጣፎቹን አሠራር አለማመን ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ምናልባትም ልክ ናቸው፤ ቅርጽና አሠራር የተለያየ ነገር ነውና። ብቻ እንዲህ መርጦ መስማቱ፣ እንዴት ልበላችሁ፣ ለጋሼ ይህን ባስረዳቸው የሚሉኝን አስቀድሜ ስለማውቀው ይሆናል፣ ምላሴ ላይ…