ካርቶኑ ይከፈት

በጅማ ለኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተመራቂዎች ሽኝት የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ ወላጆች፣ ውድ ተመራቂዎች፤ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ፤ እንኳን ደስ ያላችሁ።

ንግግር አድርጊ ስባል አምስቱን ዓመት እያነሳሁ ላመሰግናችሁ ነበር ያሰብኩት። ማሽኑን፣ ኮንትሮሉን፣ ፓወር ሲስተሙን እንዴት እንዳለፋችሁት አብረን አይተናል። ቅዳሜ ከሰዓት ፕሮቴክሽን ስንማር የጅማ ዝናብ ይጀምርና መብራቱ ድርግም ይላል፤ እናንተ ግን በስልክ ብርሃን የፎልት ከረንቱን ማስላት አላቋረጣችሁም። ይህን አልረሳውም።

ዛሬ ግን ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ። ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኩት ዕቃ ለኋላዎቹ ላይታያችሁ ይችላል፤ የከረንት ትራንስፎርመር ነው፤ እኛ ሲቲ የምንለው። የተለጠፈበት ቆርቆሮ ላይ 200/5 ይላል። በዋናው መስመር 200 አምፔር ሲያልፍ በቀጫጭኖቹ ሽቦዎች 5 አምፔር ይወጣል ማለት ነው። ሜትሩም፣ ብልሽት ሲያይ መስመሩን የሚያስቆርጠው ሪሌዩም መስመሩን የሚያዩት በዚህ ዓይን ነው።

ተማሪ ሳለሁ፣ መስመሩ ጭነት ላይ እያለ የሲቲ ሁለተኛ ወገን፣ ማለትም የቀጫጭኖቹ ሽቦዎች ጫፍ፣ ቢከፈት ምን ይሆናል የሚል ጥያቄ ፈተና ላይ መጣ። አሳምሬ መለስኩ። የሁለተኛው ጥቅል ከረንት የዋናውን ማግኔት እየተቃወመ ያቻችለዋል። ጫፉ ሲከፈት ተቃዋሚው ይጠፋና የዋናው መስመር ከረንት በሙሉ ኮሩን፣ ማለትም ጥቅሉ የተጠመጠመበትን ብረት፣ ማግኔት ወደ ማድረግ ይዞራል፤ ኮሩ ሳቹሬት ያደርጋል፣ ከዚያ በላይ ማግኔት መያዝ ያቅተዋል፤ በተከፈተው ጫፍ ላይ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ሊፈጠር ይችላል። ሥዕሉንም ሣልኩ። ኤ አገኘሁ።

ሥራ በያዝኩ በሁለተኛው ወር፣ አንድ ማከፋፈያ ጣቢያ ውስጥ የ15 ኪሎ ቮልት ፊደር፣ ማለትም ከጣቢያው የሚወጣ መስመር፣ አምፔር ሜትር ቀይሪ ተባልኩ። ፓኔሉን ከኋላው ከፈትኩት። ሽቦ በሽቦ ነው፤ ሁሉም ግራጫ፣ ጫፋቸው ላይ ትንንሽ ቁጥር። ደብተሬ ላይ ሲቲ ማለት ሁለት ግማሽ ክብ ነበር። እዚያ ግን ከወለሉ ስር በቱቦ የሚወጡ ሁለት ተራ ሽቦዎች ናቸው። ካቻቪቴዬን አስገብቼ ቪቴውን ማላላት ጀመርኩ። ሽቦው ከቦታው ንቅንቅ ሲል ቀጭን ሰማያዊ ብልጭታ አየሁ፤ ዝዝዝ የሚል ድምፅም ሰማሁ። ከኋላዬ የቆሙት አዛውንት ቴክኒሽያን የቱታዬን ኮሌታ ይዘው ጎተቱኝ።

«አንቺ ልጅ! ሾርት ሳታደርጊ?»

ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። መስመሩን አስጠፉ፤ ሁለቱን ጫፎች በአጭር ሽቦ አገናኝተው አሰሩ፤ ከዚያ በኋላ ነው ሜትሩን እንድነካ የፈቀዱልኝ። ጋሼ ዲግሪ የላቸውም። ያን ቀን ያተረፉኝ ግን እሳቸው ናቸው፤ ኤዬ አላተረፈችኝም። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ዕቃውን አላውቀውም ነበር።

ለምን አላወቅኩትም? በተማርኩበት ግቢ የሪሌይ መፈተሻ መሣሪያ ጠፍቶ አይደለም። ነበረ! ተገዝቶ መጥቷል፣ የንብረት ገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19 ተቆርጦለታል፣ ላብ ውስጥ ከነካርቶኑ ተቀምጧል። በመስኮት እናየው ነበር። ይከፈትልን ስንል «ቢበላሽ ማን ይጠየቃል?» ተባልን። ሌላ ጊዜ ቁልፍ የያዘው ሰው ፈቃድ ላይ ነው ተባልን። ከአራት ዓመት በኋላ ዋናውን ዲግሪዬን ልወስድ ስሄድ በዚያው መስኮት አየሁ። ካርቶኑ እዚያው ነው፤ ላዩ ላይ ሌላ ካርቶን ተደርቦበታል።

ወገኖቼ፣ ዕቃ ተሰበረ ተብሎ የሚጠየቅ ሰው አለ። ዕቃውን ሳያይ የተመረቀ ልጅ ፓኔል ሥር ሲወድቅ ግን ማን ተጠየቀ? መሣሪያ የሚገዛው እንዲሰበር ነው! ሃምሳ ተማሪ እየነካው የተበላሸ ሪሌይ ሥራውን ሠርቷል። በፕላስቲኩ ውስጥ ያረጀው ነው የመንግሥት ንብረት ብክነት!

የመውጫ ፈተናውን አልቃወምም። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ አለ፣ ማለፊያውም 50 ነው፤ አጥኑና እለፉ። ነገር ግን ፊደል መምረጥ እጅን አይፈትንም። በኮምፒውተር የምንሞክርበት ማትላብም ጥሩ ነው፤ ማትላብ ላይ የተከፈተ ሲቲ ግን ማንንም አያቃጥልም።

መምህራን፣ አንድ ልመና ብቻ። ግልገል ጊቤ ከዚህ 70 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ በ184 ሜጋ ዋት አቅም ይሠራል፤ ያው ውኃ ደግሞ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ወርዶ የጊቤ ሁለትን 420 ሜጋ ዋት ያንቀሳቅሳል። ልጆቹ ሐይቁን የሚያውቁት ከአውቶቡስ መስኮት ነው። ሦስተኛ ዓመት ሲደርሱ ውስጥ አስገቧቸው።

ይህን ሲቲ ከቁራሌው ነው የገዛሁት። ለላባችሁ ትቼዋለሁ፤ ካርቶን የለውም። ካቻቪቴና አጭር ሽቦም ይዣለሁ። ተመራቂዎች፣ ኬኩ ከመቆረጡ በፊት ተራ በተራ ወደ መድረኩ ኑ፤ ሾርቱን እያንዳንዳችሁ በእጃችሁ ታስሩታላችሁ። ከኋላ ረድፍ እንጀምር።